አሪቲ በፊት በር፣ ጤና አዳም በጓሮ በር

ጥር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የሰጠችኝ እትዬ ዓይናዲስ ናት። «ሰው ላይ ከምትቀልድ ወረቀት ላይ ቀልድ፤ ወረቀት አያለቅስም» አለችኝ። እሺ። ይኸው።

ስሜ ደግሰው ነው። ሰቆጣ ውስጥ የሚፈልገኝ ሰው ካለ ስሜን አይጥራ። «የቄሱን በቅሎ ጅራት ከአጥር ጋር ያሰረው የት ነው?» ብሎ ይጠይቅ፣ ይመሩታል። ዜማ ቤት ገብቼ ወጣሁ፤ አስኳላ ገብቼ ስምንተኛ ክፍል ላይ ወጣሁ። የኔታ «ይህ ልጅ በር ያውቃል እንጂ ቤት አያውቅም» ይሉኛል።

የኔታ ማለት መሪጌታ ወርቅአገኘሁ ናቸው፤ የእናቴ ወንድም፣ የእትዬ ዓይናዲስ አባት። እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ የገረፉኝም እሳቸው። ዓይናቸው ሲደክም ሲደክም ቆይቶ መስከረም ላይ ጨርሶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ተነስተው ግድግዳውን እየዳሰሱ ይዞራሉ። «በሩን ማን ወሰደው?» ይላሉ። አንድ ቀን ምድጃ ረገጡ። ትናንት ደግሞ ጎታው ሥር ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ አገኘናቸው። እኔ መጀመሪያ የሚስቁ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ጋሼ ዓለምነህ ከወልድያ ደወለ። የየኔታ ልጅ ነው፤ ወልድያ ሱቅ አለው፣ የሲሚንቶ ቤት አለው። እትዬ ቴሌ ድረስ ሄዳ አነጋገረችው። «ለፋሲካ እመጣለሁ። አባባን እንዲህ ሆነው ካገኘኋቸው ይዣቸው እሄዳለሁ» ብሏል።

ለየኔታ ተነገራቸው። «ወልድያ ላይ የኪዳነ ምሕረት ደወል ይሰማል?» አሉ።

«የመኪና ጡሩምባ ይሰማል» አልኩ።

እትዬ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ። ምን አልኩ? ቀልዴን እኮ ነው።

ጥር 19

እትዬ ዓይናዲስ ሐሳብ አመጣች። ችግኝ ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ከሰው ይልቅ ከችግኝ ጋር ትግባባለች። አምና ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዳ ያረፈችበት ቤት የእንግዳ መቀበያው ቅጠል በቅጠል ነበር አለች። በየጥጉ ማሰሮ፣ በየማሰሮው ተክል።

«ቁጭ እንዳልኩ ልቤ ረጋ። የሠለጠንኩትን ሁሉ ረስቼዋለሁ፣ ያን ክፍል ግን አልረሳሁትም። ለአባባ እንደዚያ ያለ ክፍል እንሥራላቸው።»

«ቅጠሉን በምን ሊያዩት?» አልኩ።

«በአፍንጫቸው።»

አፌን አስያዘችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አይደርስብኝም።

ክፍሉ የጎታው ክፍል ነው። ሁለት በር አለው። የፊቱ በር ወደ ግቢው ይወጣል፤ ሜዳ ነው። የጓሮው በር ግን ወዲያው ደረጃ ነው፤ ቤታችን ተዳፋት ላይ ስለሆነ የድንጋይ ደረጃው ቁልቁል ወደ እንጨት ማከማቻው ይወርዳል። ደህና ዓይን ያለውም ሰው እየተጠነቀቀ ነው የሚወርደው።

ጥር 24

ጎታውን ሰበርነው። የአምናው ድርቅ ባዶውን ካስቀረው ወዲህ አይጥ ብቻ ነበር የሚኖርበት። የኔታ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ምት ይሰማሉ።

«ቀስ በል አንተ! እሱ ካንተ የበለጠ ሰው አብልቷል።»

«እኔም ልሰበር የኔታ?»

«አንተማ ስትሠራም ስንጥቅ ነበርህ።»

ከመስከረም ወዲህ ሲቀልዱ የሰማኋቸው ገና ዛሬ ነው። እትዬ ዓይናዲስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እያለቀሰች መሆኗ ገብቶኛል፤ እንዳላየ ሆኜ ስባሪውን ተሸከምኩ።

ስባሪውን አርሰን ከጭድ ጋር ረገጥነው፤ ግድግዳውን የምንለስነው በሱ ነው። ጋሼ ዓለምነህ «ሲሚንቶ ልላክላችሁ» ቢል የኔታ አልተቀበሉም። «ሲሚንቶ አይተነፍስም። ጭቃ አብሮህ ይተነፍሳል» አሉ። እኔ ጭቃው ሲተነፍስ አልሰማሁም፤ እግሬን ሲያሳክከኝ ግን ነቅቼ አደርኩ።

የካቲት 3

እጄ ተላልጧል። ክፍሉ ግን ክፍል ሆነ።

ግድግዳው ተለስኖ ከገደሉ ሥር በሚቆፈረው ነጭ አፈር ተቀባ። ወለሉ በእበት ተለቀለቀ። መደቡን አሰፋነው፤ ሰሌን፣ ከሰሌኑ ላይ አጎዛ። ከፈረሰ ቤት የወይራ መስኮት አምጥቼ ድንጋዩን ፈንቅዬ ገጠምኩት።

«ብርሃን ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉ የኔታ።

«ለእርስዎ አይደለም፣ ለቅጠሉ ነው። እርስዎማ በጨለማም ያድጋሉ።»

እትዬ አፈጠጠችብኝ። የኔታ ግን ሳቁ። የሳቁ መሰለኝ።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ይጻፍልኝ፤ ሰው ሁሉ «የዓይናዲስ ክፍል» እያለ ነውና። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ! እትዬ ተክሎቹን እንዳማረባት ልትደረድራቸው ነበር። እኔ ነኝ «ተክል መንገድ ያሳያቸው» ያልኩት። አሪቲ በፊት በር፤ እሱ ሲሸትዎ ይምጡ። ጤና አዳም በጓሮ በር፤ እሱ ሲሸትዎ ይቁሙ፣ ከዚያ ወዲያ ደረጃ ነው። በሶብላ በራስጌ፤ እሱ ሲሸትዎ ይተኙ።

የኔታ በእጃቸው ጭንቅላቴን ፈልገው አገኙና መታ መታ አደረጉኝ። «ከዜማ ቤት የተባረረው ይህ ራስ ነው?» አሉ።

በሶብላው በተሰነጠቀ እንስራ ተተከለ። አሪቲውና ጤና አዳሙ በእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ሲነካ ይጮኻል ብለው ስላማረሩ ሁለቱንም በቃጫ ገመድ ጠመጠምኳቸው፤ መንታ መሰሉ። ቀን ቀን ፀሐይ እንዲያገኙ ወደ ደጅ አወጣቸዋለሁ፣ ሲመሽ አስገባቸዋለሁ። ሥራ አገኘሁ በሉኝ።

የካቲት 11

ጾም ገባ። የኔታ ተኙ።

ከላይ የጻፍኩት ትንሽ ነገር ይመስላል። አይደለም። አድረው እስኪነጋ ተኙ። እትዬ ሦስቴ ገብታ ትንፋሻቸውን አዳመጠች፤ የሞቱ መስሏት። ሲነቁ በሶብላውን በጣታቸው አሸት አደረጉ፣ ተነሱ፣ አሪቲውን ተከትለው ያለ በትር ያለ መሪ ግቢው መሃል ቆሙ። «ጠሐይዋ በዚህ በኩል ናት» ብለው ፊታቸውን ሰጧት።

ጎረቤታችን እማማ ደብሬ ከአጥሩ በላይ አይታ እልል አለች። ከዚያ በኽምጣኛ አንድ ነገር አለችኝ። መርቃኝ ከሆነ የመጀመሪያዋ ነው።

የካቲት 22

ደቀ መዛሙርቱ ተመለሱ! ሁለቱ የጋዝጊብላ ልጆች የኔታ ሲታወሩ ወደ ሌላ መምህር ሄደው ነበር። ዛሬ መደቡ ሥር ቁጭ ብለው የኔታን እየተከተሉ ዜማ ይቀጽላሉ። ልጆቹ ሲሳሳቱ የኔታ በጣታቸው አጎዛውን ይመታሉ። ድምፃቸው እንኳ ወፍሯል።

በመስኮቱ በኩል ገብቼ ከልጆቹ አንዱን ጆሮውን በጭድ ነካካሁት። ዝንብ መስሎት ራሱን በጥፊ መታ።

«ደግሰው፣ ውጣ» አሉ የኔታ፣ ዜማውን ሳያቋርጡ።

«በምን አወቁኝ?»

«ላብህ።»

የካቲት 30

እትዬ ለጋሼ ዓለምነህ በስልክ ነገረችው። «ለፋሲካ መጥቼ በዓይኔ ልይ። እንዳልሽው ከሆነማ ለምን እወስዳቸዋለሁ?» ብሏል። እትዬ ከቴሌ ስትመለስ እየዘለለች ነበር የምትሄደው፤ በሷ ዕድሜ!

የኔታ ጉራ ጀምረዋል። እማማ ደብሬ ልትጠይቃቸው መጥታ ሳለ «ዓይን ያላችሁ ትሳሳታላችሁ። እኔን አሁን ማንም አያታልለኝም» አሉ። ደብሬም ወደኔ እየጠቆመች «እሱም?» አለች። «እሱማ ገና ከሩቁ ይሸተኛል» አሉ።

ሁለቱ እየሳቁብኝ ነው። ክፍሉ የዓይናዲስ፣ አፍንጫው የየኔታ። የኔ ምን ቀረ?

እናያለን።

መጋቢት 6

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። የጓሮው በር አጠገብ ልስኑ ተሰንጥቆ አፈር በጓሮ በኩል ሳመላልስ ዋልኩ። ጭቃው ገና እርጥብ ነው። ምሳው የሚባለው ጓደኛዬ ካርታ እንጫወት ብሎ በፉጨት እየጠራኝ ነው።

ቆርቆሮዎቹን አስገብቻለሁ። አስገብቻለሁ፣ ግን እንደ ወትሮው አይደለም። ሂ ሂ! ነገ ጠዋት የኔታ ለኪዳን ሲነሱ አሪቲውን ብለው ሄደው ከተቀረቀረ በር ጋር ይጨቃጨቃሉ። እኔ ከመስኮቱ ሥር ሆኜ «የኔታ፣ አፍንጫዎ ጾም ነው እንዴ?» እላቸዋለሁ። ቀድሜያቸው እነቃለሁ።

መጋቢት 7

የኔታ ወደቁ። በጓሮ ደረጃ። ክንዳቸው ተሰብሯል። ወጌሻ እየተጠራ ነው።

መጋቢት 8

ነፍሳቸው ደህና ናት። መጀመሪያ ይህ ይጻፍ።

ወጌሻው ክንዳቸውን አስተካክሎ በሸምበቆ አሰረው። ግንባራቸው ተፈንክቷል። ከምሳው ዘንድ ካርታ ስንጫወት አምሽቼ ስለነበር አልነቃሁም፤ የነቃሁት በእማማ ደብሬ ጩኸት ነው። እንደሰማሁ ሮጥኩ። ሰው ሁሉ ሮጠ። እትዬ ዓይናዲስ ከኔ በፊት ደረሰች።

የጓሮው በር መቀርቀሪያ ለምን አልተቀረቀረም? ያ በር ሁልጊዜ ይቀረቀራል። እኔ አፈር ሳስገባ ቀርቅሬው ነበር። የቀረቀርኩት ይመስለኛል። ማንም ሊከፍተው ይችላል፤ ዶሮ ፍለጋ፣ እንጨት ፍለጋ። የደብሬ ዶሮዎች ሁልጊዜ እዚያ ናቸው።

ወደ መደቡ ተሸክመን ስንመልሳቸው የጠየቁት ስለ ክንዳቸው አልነበረም።

«ዓይናዲስ፣ አሪቲው የት ነው?»

እትዬ ዞራ አየች። «የፊቱ በር ላይ ነው አባባ።»

«ጤና አዳሙስ?»

«የጓሮው በር ላይ። እንዳለ ነው።»

 ደጁ በሰው ተሞልቶ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው «እንግዲያው አፍንጫዬም ሄደ» አሉ።

እማማ ደብሬ እጄን አየችና «ይህ አፈር ምንድን ነው?» አለችኝ። ስሮጥ ወድቄ ነው አልኳት።

መጋቢት 10

የኔታ ከወደቁ ወዲህ ተክሎቹ ወደ ደጅ አልወጡም፤ እትዬ ውኃ ስታጠጣቸው ቆየች። ከዚያ ጠራችኝ።

«አሪቲው ለምን ወደ ግድግዳው አዘነበለ? ወደ መስኮቱ ነበር የሚያዘነብለው።»

«ነፋስ ይሆናል።»

«ከውስጥ ቤት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ የችግኝ ሰው አንቺ ነሽ።»

አየችኝ። እኔም አየኋት። ቆርቆሮውን በእጇ አዙራ ቅጠሉን ወደ ብርሃን መለሰችውና ሄደች።

መጋቢት 15

የኔታ ከመደቡ አልወርድም አሉ። ወደ ደጅ ሲወጡ እትዬን ወይም እኔን ይዘው ነው። ምግብ ሲቀርብላቸው «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሽሮ መሆኑን ግቢው ሁሉ እየሸተተው! ልጆቹ ዜማ ሊቀጽሉ ቢመጡ «ዛሬ ይቅር» አሏቸው። ነገም ይቅር አሏቸው።

የበሶብላ ቅጠል ቀጥፌ አፍንጫቸው ሥር ያዝኩላቸው።

«ምን ይሸትዎታል የኔታ?»

«በሶብላ።»

«ይኸው! አፍንጫዎ ደህና ነው።»

«በራስጌዬ ያለው በሶብላ መሆኑን አውቄ ነው ያልኩህ።»

ጤና አዳም አመጣሁ። ትክክል ተናገሩ። «ገምቼ ነው» አሉ። ጉንፋን ይዞዎት ነበር አልኳቸው፣ ያን ቀን። «ጉንፋን አልያዘኝም ነበር» አሉ። ሰው በራሱ እንዲህ ሲጨክን አላየሁም።

መንገር ቀላል ነው። «የኔታ፣ እኔ ነኝ» ማለት ነው። ዜማ ቤት ከዚህ የረዘመ አጥንቻለሁ።

ነገ።

መጋቢት 16

ዛሬ እንግዳ ስለበዛባቸው አልሆነም።

መጋቢት 19

ዛሬ ክንዳቸውን ሲያማቸው ዋለ። በሕመም ላይ ይህን መጨመር ደግ አይደለም።

ማንን ነው የምዋሸው? ወረቀት አያለቅስም፤ አይስቅምም።

መጋቢት 26

ሆሳዕና ነው። የዘንባባ ቀለበት ሠርቼ በጣታቸው አጠለቅሁላቸው። «ማን ነው?» አሉ። እኔ መሆኔን አላወቁም። ላቤን አላሸተቱም። አጠገባቸው ነበርኩ፣ ክንዴ ክንዳቸውን ይነካል፣ እሳቸው ግን ለማሽተት እንኳ አልሞከሩም።

«ደግሰው ነኝ» አልኩ።

«አሃ። ይባርክህ።»

ስድብ ናፈቀኝ።

ሚያዝያ 1

ስቅለት። ሰው ሁሉ ሲሰግድ ውሎ አመሻሽ ላይ ጥፋቱን ለካህኑ እየተናገረ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ይመታል። ወረፋዬ ደረሰ። ካህኑ «ምን አጠፋህ?» አሉኝ።

በጾም የእትዬ ሽሮ ውስጥ ቅቤ ጨምሬ ነበር አልኳቸው።

እሱም እውነት ነው። መቱኝ፣ ስገድ አሉኝ፣ ሰገድኩ። ከታዘዝኩት በላይ ሰገድኩ። ጉልበቴ ደምቷል። የወይራው ሽታ ልብሴ ላይ ቀርቷል፤ የኔታ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ምንም አላሉኝም።

ሚያዝያ 4

ጋሼ ዓለምነህ ትናንት ለፋሲካ ገባ። ክንዳቸውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። እትዬ እጁን ይዛ ወደ ክፍሉ አስገባችው።

«ትንኝ አይራባም?» አለ መጀመሪያ። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ግድግዳውን በመዳፉ ነካ። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ በሶብላው ላይ ነበር። ሰውየው የሱቅ ሰው ነው፤ አንድ ቦታ ላይ አይረጋም፣ ሁልጊዜ ቁልፉን ያንቀጫቅጫል። ቁልፉ ጸጥ አለ። እንደተቀመጠ ቆየ።

«ዓይናዲስ፣ ይህን ማን ሠራው?»

«እኔና ደግሰው።»

«እኔ ራሴ እዚህ ብተኛ ደስ ይለኛል» አለ። ዞሮ አባቱን «አባባ፣ ሰው አንድ ጊዜ ይወድቃል። የጓሮውን በር በድንጋይ እናስደፍነው፣ እርስዎም እዚሁ ይቀመጡ። እኔ በየጊዜው እመጣለሁ» አላቸው።

 አበቃ አልኩ። ማንም ሳያውቅ አበቃ፣ መናገርም ቀረልኝ።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ ልጄ። ይህ ክፍል ለሚያሸት ሰው ነው የተሠራው። እኔ ዓይኔ ሲሄድ አፍንጫዬን አምኜ ነበር፤ እሱም ከዳኝ። ነገ ደግሞ ጆሮዬ ይከዳኛል። ያን ጊዜ ይህች ልጅ ሥራዋን ትታ እኔን ስትጠብቅ ትኖራለች? ውሰደኝ።»

«አባባ…» አለች እትዬ።

«ውሰደኝ ብያለሁ።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አሪቲው እግሬ ሥር ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። እትዬ ዓይናዲስ አፌ መከፈቱን አየች፤ ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም። «እኔ» አልኩ። ጋሼ ዓለምነህ «አንተ ምን?» አለኝ።

«እኔ ዕቃውን እሸከማለሁ» አልኩ።

ሚያዝያ 6

ሄዱ። መናኸሪያው በሰው ጢም ብሎ ነበር። ዕቃቸው ትንሽ ነው፤ አጎዛው፣ ዳዊታቸው፣ ጋቢ። አውቶቡሱ ላይ ሳወጣቸው ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ደግሰው፣ አሪቲውን ውኃ አታስጠማው። ጥፋቱ የሱ አይደለም።»

አውቶቡሱ በኮረም መንገድ ታጠፈ።

ሚያዝያ 12

ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። እንዴት እንደነበር ልየው ብዬ ነው። ከመደቡ ተነሳሁ። አሪቲው ያኔውኑ ደረሰኝ፤ እንደ ገመድ ነው፣ ይስባል። ያለ ጥርጥር ሄድኩ። የፊቱ በር ላይ ደረስኩ።

ቆርቆሮዎቹን ለዋወጥኩና እንደገና ሞከርኩ። ያው ነው። ያለ ጥርጥር ሄድኩ። ተከትዬው ሄድኩ፤ እጄን እንኳ አልዘረጋሁም። የበሩ ቅዝቃዜ ፊቴን ሲነካኝ ዓይኔን ገለጥኩ። እኔ መግለጥ እችላለሁ።

እንግዲህ ይጻፍ። በሩን ያልቀረቀርኩት እኔ ነኝ፤ አንድም የደብሬ ዶሮ መቀርቀሪያ አትከፍትም። ቆርቆሮዎቹን የለወጥኩት እኔ ነኝ። ከዚህም የባሰ አለ። ያን ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ ወደሳቸው አልሮጥኩም። ከደረጃው ሥር ሲያቃስቱ እየሰማሁ በፊት በር ገባሁ፣ ቆርቆሮዎቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ፣ ከዚያ ሮጥኩ። አፈሩ የመጣው ከዚያ ነው። እንዳለ ትቼው ቢሆን ኖሮ እትዬ ታየው ነበር፤ እኔ እገረፍ ነበር፤ እሳቸው አፍንጫቸውን ያምኑ ነበር። እዚህ ይሆኑ ነበር።

ክንዳቸውን የሰበረው ቀልዴ ነው። ወልድያ የወሰዳቸው ግን የመለስኳቸው ቆርቆሮዎች ናቸው።

ሚያዝያ 20

ለእትዬ ነገርኳት። ችግኝ ጣቢያ ድረስ ሄጄ፣ ላስቲክ ውስጥ አፈር እየሞላች ሳለ። ቀና አላለችም።

«አሪቲው ወደ ግድግዳ ያዘነበለ ቀን ጠርጥሬሃለሁ» አለች። «ሰው በጥርጣሬ አይከሰስም ብዬ ራስህ እስክትነግረኝ ጠበቅሁህ። መናኸሪያም ላይ ጠበቅሁህ። እኔ ስጠብቅ አባቴ ሄዱ።»

«ስደቢኝ» አልኳት።

«አልሰድብህም። ለኔ አይደለም መንገር ያለብህ።» ሌላ ላስቲክ እየሞላች «ጋሼ ደውሎ ነበር» አለች። «ከአልጋቸው አይነሱም። ቤቱ ትልቅ ነው፣ ሁሉም ጥጉ አንድ ዓይነት ነው ይላሉ አሉ።»

ላስቲክ አንስቼ አብሬያት አፈር ሞላሁ። አላባረረችኝም። አላናገረችኝምም።

ግንቦት 4

ነገ ወልድያ እሄዳለሁ። አሪቲውን ይዤ።

ግንቦት 6፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ስመለስ

መንገዱ ስለሚንጠኝ ጽሑፌ ይንሻፈፋል። ግን ዛሬ ካልጻፍኩት አሳምሬ እጽፈዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ስሄድ ቆርቆሮውን በጉልበቴ መሃል ይዤ ነበር። አንዷ ሴትዮ «ይህ ልጅ ሙሽራ ነው ወይስ አስማተኛ?» አለች፤ መኪናው ሁሉ ሳቀ። ቆርቆሮውን አጥብቄ ያዝኩ። 

ጋሼ ዓለምነህ ሱቅ ነበር፤ ቤቱን የከፈተችልኝ ሠራተኛዋ ናት። የኔታ ከብረት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተዋል። ሬዲዮ ይጮኻል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ያንሸራትታል። ከስተዋል። የታሰረው ክንድ ተፈቷል፣ ግን ገና ያቅፉታል።

ሰላምታ አልሰጠሁም። ቆርቆሮውን በሩ ሥር በቀስታ አስቀመጥኩ። ለቀልድ አልነበረም።

አንገታቸው ቀና አለ።

«አሪቲ» አሉ። ለራሳቸው ነው ያሉት። ከዚያ ፊታቸው ተጨማደደና እጃቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። «ወይ ጉድ። አሁን ደግሞ የሌለው ይሸተኝ ጀመር።»

«አለ የኔታ! ይዤው መጥቼ ነው!»

«ደግሰው?»

«አዎ።»

ከዚያ ነገርኳቸው። ሬዲዮው እየጮኸ። ቆርቆሮዎቹን፣ መቀርቀሪያውን፣ እያቃሰቱ መጀመሪያ የት እንደሄድኩ። «አፍንጫዎ አልከዳዎትም፤ የከዳሁዎት እኔ ነኝ» አልኩ። በአውቶቡስ ውስጥ ያጠናሁት ነበር፤ ስለው ግን ያጠናሁት አልመሰለኝም።

የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ሬዲዮውን ፈልገው አገኙና አጠፉት። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጅብ፣ ዝንጀሮ፣ ስንጥቅ፣ ማንኛውንም።

«ሳቃስት ሰምተኸኝ?»

«ሰምቼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ መነቅነቅ ምን እንደሆነ አሁንም አላወቅሁም።

«አሪቲውን የት አኖርከው?» አሉ።

«በሩ ላይ ነው የኔታ። ይምጡ።»

«አንተ በሩ ካልክማ መስኮቱ ነው።»

ሳቅ ልል ነበር። ፊታቸውን አየሁና ተውኩት። የሚቀልዱ አልነበሩም።

ተነሱ። እጄን ዘረጋሁላቸው፣ አልያዙትም። በዚያ በሚያንሸራትት ወለል ላይ አንድ እግር ለአንድ እግር እየፈለጉ፣ የአሪቲውን ሽታ እየሳቡ፣ ቀጥ ብለው መጡ። አንዴም አልሳቱ። እኔ ከቆምኩበት ስፍራ እንባዬ ይወርዳል፣ አፍንጫቸው ደህና ነው፣ ደህና ነው እላለሁ በልቤ።

ቅጠሉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጎንበስ ብለው የሚነኩት መስሎኝ ነበር። እጃቸው ግን ወደ ላይ ሄደ። ቅጠሉን ትተው መጀመሪያ መቃኑን ዳሰሱ፤ ከላይ እስከ ታች፣ አንዱን ጎን፣ ከዚያ ሌላውን ጎን፣ በር መሆኑን እስኪያረጋግጡ ድረስ።